የአምባሰልን ልጅ ማን አየው?

በደቡብ ወሎው የአምባሰል ወረዳ፣ ግሸን አምባ ላይ ምልመላ አዲስ ነገር አይደለም። ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የነገሥታቱ ወንዶች ልጆች የሚቀመጡት በዚሁ አምባ ላይ ነበር። ወንድም በወንድሙ ላይ እንዳይነሣ ተብሎ ተራራ ላይ ይጠበቃሉ፤ ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ ከመካከላቸው አንዱን መርጠው ያወርዳሉ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም በ1426 ዓ.ም. ገደማ የነገሡት ከዚሁ አምባ ወርደው እንደሆነ ይነገራል። መመዘኛው የዘር ሐረግ እንጂ ችሎታ አልነበረም። ቢሆንም መራጭ የተባለ ሰው አቀበቱን ወጥቶ ይመጣ ነበር።

ዛሬ መስከረም 21 በደረሰ ቁጥር ግሸን ማርያም በምእመናን ትጥለቀለቃለች። በዓሉ ካለፈ በኋላ ያንን ዳገት ደብተር ይዞ የሚመላለስበት የአካባቢው ተማሪ ነው። ከደሴ ወደ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ፣ ከዚያም ወደ አምባው የሚወስደውን መንገድ የሄደበት ሰው የአምባሰል ልጅ ሳንባና ባት ከምን እንደተሠራ አይጠፋውም። ሯጭ ወይም ተጫዋች ፍለጋ ብሎ እዚያ ድረስ የወጣ የክለብ መልማይ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ስፖርተኛ ከየት ይመለመል፣ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ነው ከግል? ጥያቄው በሌላ አገር፣ በሌላ ጨዋታ ላይ የከረመ ክርክር ነው። አሜሪካኖች ላክሮስ የሚሉት ስፖርት አላቸው፤ ጫፉ ላይ መረብ በታሰረበት ዱላ ኳስ እየቀለቡና እየወረወሩ ግብ የሚያስቆጥሩበት ነው። የጀመሩት ሆዴኖሾኒ የሚባሉት የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሲሆኑ የሚጫወቱትም በሰፊ መስክ ላይ፣ ማንም ሳይከፍል ነበር። ከጊዜ በኋላ ጨዋታው ወፍራም ክፍያ የሚጠይቁ የግል ትምህርት ቤቶችና የበጋ ክለቦች መለያ ሆነ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች ተጫዋች ሲመለምሉ የግል ትምህርት ቤቶች ከቁጥራቸው በላይ ድርሻ ይወስዳሉ። ሽሚያው ከመባሱ የተነሣ የ8ኛና የ9ኛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ለዩኒቨርሲቲ ቃል መስጠት ጀምረው ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ተማሪው 11ኛ ክፍል ሳይገባ አሰልጣኝ እንዳያነጋግረው ከለከለ። ላክሮስ በ2028 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ወደ ኦሎምፒክ ይመለሳል፤ ክርክሩም አብሮት መከተሉ አይቀርም።

  

ወደ እኛ ሲመጣ ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል። በሩጫ የመንግሥት ትምህርት ቤት የግሉን አንገት አስደፍቶታል። በአርሲ፣ በቆጂ ከተማ፣ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ ሜዳ ላይ ካሠለጠኗቸው ልጆች መካከል ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ይገኙበታል። የአራቱን የኦሎምፒክ ወርቅ ደምሩት፤ 9 ይመጣል። ከ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና እስከ 2004 ዓ.ም. ለንደን ድረስ፣ ከአንዲት ገጠር ቀመስ ከተማ።

ይህን ቁጥር ሰምቶ የመንግሥት ትምህርት ቤት ምልመላ ሠርቷል ብሎ ማጨብጨብ ቀላል ነው። እኔ ግን ችኮላ ይመስለኛል። የበቆጂን ነገር ጠጋ ብለን ብናየው ሦስት ነገሮች በአንድ ዘመን ገጥመው እናገኛለን። ሩጫ ወጪ የለውም፤ ልጁ ጫማ ባይኖረውም ዳገቱ አለው። መምህሩ ቶሎ ቶሎ ሳይዛወሩ ዓመታት እዚያው ቆዩ፤ የዛሬውን ልጅ ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ማስተያየት የሚችል ዓይን አበጁ። ሦስተኛው ደግሞ ደሞዝ ነው። ደራርቱንና ጥሩነሽን ማረሚያ ቤቶች፣ ቀነኒሳን ሙገር ሲሚንቶ ወሰዷቸው። የመንግሥት ተቋምና ፋብሪካ ቡድን ልጅን ቀጥሮ ሲያሮጥ ወላጅ ሩጫን እንደ ሥራ ማየት ጀመረ። የግል ትምህርት ቤቱ በዚህ ውድድር የተሸነፈው ስላልገባበት ነው። የከተማ ወላጅ ለልጁ የሚከፍለው ሐኪም ወይም ኢንጂነር እንዲሆንለት እንጂ ማለዳ ተነሥቶ አቀበት እንዲሮጥለት አልነበረም።

ከዚያ በፊትማ ምልመላው ከትምህርት ቤትም አልነበረም፤ ከጦር ሰፈር ነበር። አበበ ቢቂላንና ማሞ ወልዴን ያወጣ ክብር ዘበኛ ነው፤ ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም አበበን ያገኙት ከወታደሮቹ መካከል ነው። ምሩጽ ይፍጠር የአየር ኃይል ሰው ነበር። ወታደር ቤት ውስጥ ማን ፈጣን እንደሆነ ለማወቅ ማንም አይቸገርም፤ ሁሉም በፊሽካ ይሰለፋል፣ ሁሉም ይሮጣል፣ አንደኛ የወጣው ይታያል። የሠፈር ልጅ እንዲህ በአንድ መስመር የሚቆምበት ቦታ ትምህርት ቤት ብቻ ነው።

እግር ኳስ ላይ ግን ነገሩ ወደ አሜሪካው ላክሮስ ማዘንበል ጀምሯል። በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች የታዳጊ ማሠልጠኛ በየሠፈሩ ተከፍቷል። ወላጅ በየወሩ ይከፍላል፣ ታኬታ ይገዛል፣ ማሊያ ያሠራል፣ ቅዳሜና እሑድ ልጁን አድርሶ ይመልሳል። አብዛኛው የግል ትምህርት ቤት የሚገኘው በፎቅ ወይም በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ኳስ የሚያንከባልልበት መሬት የለውም። ሜዳ ያለው ማን ነው? በቀድሞ ዘመን ሰፊ ግቢ የተሰጠው የመንግሥት ትምህርት ቤት። ስለዚህ ማሠልጠኛው የመንግሥት ትምህርት ቤቱን ሜዳ ይከራያል።

ቅዳሜ ጠዋት ሄዳችሁ እዩት። ባለ ቁጥር ማሊያ የለበሱ ልጆች በቢጫ ኮኖች መካከል ኳስ እየነዱ ያልፋሉ። አሰልጣኙ ስም ይጠራል፣ ስህተት ያርማል፣ አንዱን ለብቻው ወስዶ ያነጋግራል። አጥር ላይ ተደግፈው የሚያዩት ከሰኞ እስከ ዓርብ በዚያው ግቢ የሚማሩት ልጆች ናቸው። ኳሷ ከመስመር ስትወጣ ሮጦ አምጥቶ በደረቱ አቁሞ፣ በባዶ እግሩ በትክክል ወደ መሐል የሚልካት ልጅ አይጠፋም። አሰልጣኙ ያየዋል። ቢያየውም በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ የወር ክፍያ የለውማ። አንዳንዱ አሰልጣኝ ልቡ አልችል ብሎ በነፃ ያስገባዋል፤ እንዲህ የሚያደርጉትን አውቃለሁ፣ እግዜር ይስጣቸው። አሠራር ግን በአንድ ሰው ደግነት ላይ አይቆምም።

ማሠልጠኛዎቹን መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። በሳምንት ሦስትና አራት ቀን የሚሠለጥን ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚሮጥ ልጅ መብለጡ የታወቀ ነው። ፋይል አላቸው፣ የልጁን ቁመትና ክብደት ይመዘግባሉ፣ ጨዋታውን በስልክ ቀርጸው ለክለብ ይልካሉ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሊያደርገው የማይችለው አንድም ነገር የለም፤ የሚያደርገው ሰው ግን አልተመደበለትም። የሚያስከፍል ማሠልጠኛ ሳያያት የወጣች ብትፈልጉ ሎዛ አበራ አለች። ዱራሜ ላይ ኳስ ስትጫወት አድጋ፣ ሐዋሳ ከተማና ደደቢት ገብታ፣ ማልታ ድረስ ሄዳ ግብ አስቆጥራለች። ግን አንዲት ሎዛ ስትወጣ በየዱራሜው ስንት እንደቀረ የሚቆጥር የለም።

ዋናው ጉዳዬ እዚህ ላይ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ከግሉ ጋር የሚለየው በድህነት ብቻ ቢሆን ኖሮ በቆጂ ባልተፈጠረች። የሚለየው ሌላ ሰው ወደ እሱ እንዲመጣ የሚያደርግ ምንም ነገር ስለሌለው ነው። መልማይ ትምህርት ቤት አይጎበኝም፤ መልማይ ውድድር ነው የሚያየው። የግል ማሠልጠኛው ልጁን ወደ መልማዩ ደጅ ይወስደዋል። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ አገር አቀፍ የሚያወጣ አንድ መሰላል ብቻ ነው ያለው፤ የትምህርት ቤቶች ስፖርት ውድድር። አንዱ መወጣጫ ከተሰበረ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አይታይም።

እስቲ አንዱን መወጣጫ እንየው፤ የወረዳ ማጣሪያ። ሜዳው በኖራ ይሰመራል፣ ኖራ ከጠፋ በአመድ። ዙሩ በእርግጥ 400 ሜትር ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም፤ መምህሩ በእርምጃ ነው የለካው። ፊሽካ ይነፋል፣ ሰዓት በስልክ ይያዛል። ገሚሱ ልጅ ኮንጎ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ይሮጣል፤ በጫማው ከሚንሸራተት ይሻለዋል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የወጡት ስማቸው በደብተር ቅጠል ላይ ይሰፍራል። የልጁ ማኅደር ያች ቅጠል ናት፤ ጠፋች ማለት ሩጫው አልተሮጠም ማለት ነው።

ቀጥሎ ለዞኑ ውድድር ደሴ ይኬዳል፤ ሆጤ ሜዳ። የመኪና ኪራይ አለ፣ አበል አለ፣ ማደሪያ አለ። ማደሪያው ብዙ ጊዜ ወንበርና ጠረጴዛው ጥግ ተገፍቶ ፍራሽ የተነጠፈበት መማሪያ ክፍል ነው፤ ልጆቹ በዚህ ቅር አይላቸውም፣ እንዲያውም በዓል ነው። ችግሩ ከወረዳው ሣጥን ላይ ነው። በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚነካው የስፖርት ጉዞ ስለሆነ የልጆቹ ዝርዝር በግማሽ ይቆረጣል፤ እሱም በችሎታ ሳይሆን መኪናው በሚይዘው ልክ። ሯጯ ሴት ልጅ ከሆነች ከቤት ውጭ የማደር ጉዳይ ይጨመራል፤ አባት መምህሩን በደንብ ካላወቁት እሺ አይሉም፣ እውነታቸውን ነው። ጊዜው የውቂያ ሰሞን ላይ ከዋለ ደግሞ ወንዱም ይቀራል፤ በሬ የሚነዳ ሰው ያስፈልጋላ።

ሌላም አለ፤ ዕድሜ። በአህጉራችን የታዳጊዎች እግር ኳስ በዕድሜ ማጭበርበር ስሙ ጠፍቶ፣ ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ውድድሮች ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማስመርመር ጀመረ። መልማይ በዚህ የተነሣ ወረቀት ይወዳል። የከተማው ልጅ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድና የመዋዕለ ሕፃናት ፎቶግራፍ አለው። የገጠሩ ልጅ እናት ግን የልጃቸውን ዕድሜ የሚያውቁት በአንድ ሰርግ ወይም በአንድ የድርቅ ዓመት ነው። ልጁ እውነተኛ 14 ዓመቱ ቢሆንም የሚጠረጠረው እሱ ነው፤ ጡንቻው በሥራ ስለጠነከረ ብቻ ትልቅ ሰው ይመስላል። ወረቀት ያለው እንዲያጭበረብር፣ ወረቀት የሌለው እንዲጠረጠር የሚያደርግ ነገር አጋጥሞን ቁጭ ብለናል።

መሰላሉ ሲሠራ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ጃማይካን ማየት ይበቃል። ጃማይካ ወደ 2.8 ሚሊዮን ሕዝብ አላት። ደቡብ ወሎ ዞን በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ጊዜ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው፤ በቆዳ ስፋት ደግሞ ከጃማይካ ይበልጣል። እዚያች ደሴት ላይ ከ1910 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአትሌቲክስ ሻምፒዮና ይካሄዳል፤ «ቻምፕስ» ይሉታል። በኪንግስተን ብሔራዊ ስታዲየም ለቀናት ሲካሄድ ስታዲየሙ ይሞላል፣ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞችና የጫማ ኩባንያ ሰዎች ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ። ዩሴን ቦልት ከትሬላውኒ ገጠር፣ ዊሊያም ኒብ ከሚባል የመንግሥት ትምህርት ቤት ተነሥቶ የታወቀው በዚህ ውድድር ነው። ክሪኬት ሲጫወት ፍጥነቱን አይተው ወደ ሩጫ የገፋፉት የትምህርት ቤቱ ሰዎች ናቸው። መልማዩ ትሬላውኒ ድረስ መሄድ አላስፈለገውም፤ ትሬላውኒ ወደ እሱ መጣች።

እዚያም ሁሉም ሰላም አይደለም። ኪንግስተን ኮሌጅና ካላባር የመሳሰሉት ስም ያላቸው የከተማ ትምህርት ቤቶች የገጠሩን ፈጣን ልጅ ወደ ራሳቸው እየወሰዱ ዋንጫ ይበሉበታል የሚል ወቀሳ በየዓመቱ ይነሣል። እንዲህ ያለውን ወቀሳ እኛም ባገኘነው ያሰኛል። የሚሻሙት ልጅ ቢያንስ ታይቷል ማለት ነውና።

የኬንያዋ ኢቴን ደግሞ የበቆጂ እኅት ናት። አየርላንዳዊው መነኩሴ ኮልም ኦኮኔል በ1976 እ.ኤ.አ. ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ ቅዱስ ፓትሪክ የሚባለው ትምህርት ቤት መጡ፤ ስለ ሩጫ ብዙ አያውቁም ነበር። እዚያው ቀሩ። በ800 ሜትር የዓለም ባለ ክብረ ወሰን የሆነውን ዴቪድ ሩዲሻን ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። ኢቴንን ከበቆጂ ጋር የሚያመሳስላት ከፍታው ብቻ አይደለም፤ መምህሩ አለመሄዱ ነው። ይህን ስል በገጠር ወረዳዎቻችን የስፖርት መምህር በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ዝውውር ሲጠይቅ አልፈርድበትም። ደሞዙ አይበቃውም፣ የሚያስተምረው አንድ ኳስ ይዞ ለብዙ መቶ ተማሪ ነው፣ የሚያወጣው ልጅ ደግሞ ከወጣ በኋላ የእሱ አይደለም።

ውጭ አገር ባሉ ወገኖቻችን ላይ ይኸው ነገር ይታያል። በፓሪስ ኦሎምፒክ በ1,500 ሜትር በ3 ደቂቃ ከ27.80 ሰከንድ ለአሜሪካ ነሐስ ያመጣው ያሬድ ንጉሤ ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው። የተማረው ሉዊቪል፣ ኬንታኪ ውስጥ በሚገኝ ዱፖንት ማንዋል በሚባል የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ሩጫንም የጀመረው እዚያ ነው። ከዚያ ኖትር ዳም የተባለው የግል ዩኒቨርሲቲ ወሰደው። ከኤርትራ በስደት የሄደው መብ ክፍልእግዚም ሳን ዲዬጎ ውስጥ በ7ኛ ክፍል የስፖርት ክፍለ ጊዜ አንድ ማይል በ5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሲሮጥ ነው መምህሩ ወደፊት ኦሎምፒክ ትሄዳለህ ያሉት፤ በ2004 እ.ኤ.አ. አቴንስ ላይ በማራቶን ብር አገኘ። ሁለቱም ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ተሰልፈው ሮጡ፣ አንድ ሰው ሰዓት ያዘላቸው፣ ሰዓቱ ተመዘገበ፣ የተመዘገበውን ሌላ ሰው አነበበው።

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚለው በር ለእኛ ልጆችም ክፍት ነው ይባላል። ነው፤ ግን በወረቀት የሚከፈት በር ነው። የኮሌጆች ስፖርት ማኅበሩ ተማሪው በሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና የትምህርት ኮርሶችን ማለፉን ይጠይቃል። በቅርብ ዓመታት ኬንያውያን ሯጮች ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት እየገቡ ነው፤ ከእኛ ዘንድ የሚሄደው ጥቂት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በነበሩበት አገር፣ የአምባሰል ሯጭ ሰዓቱ ቢያስገባው እንኳ ትራንስክሪፕቱ ሊያስቀረው ይችላል። ትራንስክሪፕቱ ያማረው የግል ትምህርት ቤት ልጅ ደግሞ አይሮጥም።

ወደ ወሎ እንመለስ። መሰላሉ እዚህ አካባቢ የተሰበረው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሲከፈት የትግራዩ ጦርነት መጣ፤ ከ2013 ክረምት ጀምሮ ወደ ወሎ ወረደ። አምባሰልና ተሁለደሬ የጦር ሜዳ ሆኑ፤ ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ድረስ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፣ ፈረሱ፣ ምሽግ ሆኑ። ያ አለፈ ሲባል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል የሚካሄደው ውጊያ ቀጠለ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ። መንገድ በተዘጋበት ወር የዞን ውድድር ማካሄድ አይታሰብም፤ የሚታሰበውም ኳስ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. 12 ዓመቱ የነበረ የአምባሰል ልጅ ዛሬ ታዳጊ ከሚባልበት ዕድሜ አልፏል። መልማይ ሊያየው ይችል የነበረበት ዕድሜ በሙሉ ውድድር በሌለበት ዘመን ውስጥ አለቀ። በእነዚያው ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ የሚከፍል ልጅ ሥልጠናው ከኮቪዱ ወራት በቀር አልተቋረጠበትም።

የመንግሥት መልስ ብዙውን ጊዜ ሕንፃ ነው። አዲስ አበባ የወጣቶች ስፖርት አካዳሚ ተሠርቷል፤ አሰላ ላይ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፤ በአማራ ክልልም ደብረ ብርሃን፣ ጉናና ተንታ ላይ ማዕከላት ተከፍተዋል። ተንታ እንደ አምባሰል ሁሉ የደቡብ ወሎ ወረዳ ነው። እነዚህን ቦታዎች አልንቅም። ልጅ በነፃ የሚያድርበት፣ የሚበላበትና የሚሠለጥንበት ቤት ከግልና ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጣጣ የሚያወጣ ሦስተኛ መንገድ ነው። ነገር ግን ማዕከል ልጅ አይፈጥርም፤ የተላከለትን ይቀበላል። ከታች ውድድር ከሌለ የሚላክለት ማን ነው? ወይ በቅርብ ያለ፣ ወይ ሰው ያለው። ወልዲያ ላይ በጥር 2009 ዓ.ም. በሼህ መሐመድ አል አሙዲ ስም የተመረቀውን ስታዲየም ያየ ሰው ወሎ ምን ዓይነት ሜዳ እንደተሠራላት ያውቃል። ከውጫሌ ወደ ሰሜን ብዙ ሳይኬድ የሚገኝ፣ ከብዙ አገሮች ብሔራዊ ስታዲየም የማያንስ ነው። ከዚያ ስታዲየም አጥር ውጭ ባሉት ወረዳዎች የሚማሩ ልጆች ግን ሰዓታቸውን የሚይዝላቸው ሰው አላገኙም። አንድ ምሰሶ በሚያወጣው ገንዘብ ስንት ወረዳ ለስንት ዓመት ልጆቹን ደሴ ማድረስ እንደሚችል ማስላት ለበጀት ሰዎች ከባድ አይደለም።

በጀት ቢገኝ እንኳ አንድ ነገር ይቀራል፤ መምህሩ ለምን ብሎ ይልፋ? በዓለም እግር ኳስ አንድ ተጫዋች በገንዘብ ሲዛወር ከዝውውር ክፍያው 5 በመቶው ከ12 ዓመቱ እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች እንዲከፋፈል የፊፋ ደንብ ያዛል። ደንቡ የሚያውቀው ክለብን ነው። በፌዴሬሽን የተመዘገበ ማሠልጠኛ እንደ ክለብ ተቆጥሮ ድርሻውን ሊጠይቅ ይችላል፤ ልጁን መጀመሪያ ያየው የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን በደንቡ ውስጥ ስሙ የለም። በአትሌቲክስማ እንዲህ ያለ ነገር ጭራሽ አይታሰብም፤ ሯጩ ከማናጀሩና ከክለቡ ጋር ነው ሒሳቡ፣ ኖራውን የበተነው መምህር ስሙም አይነሣ።

ይህን ለመለወጥ የፊፋን ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም። የአገር ውስጥ ክለቦች ለአንድ ተጫዋች የሚከፍሉት ደሞዝ ብዙ ሰው የሚያማርርበት ነው፤ ከየውሉ ላይ ትንሽ ተነሥቶ ተጫዋቹ ለተማረበት ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍል እንዲገባ ፌዴሬሽኖቹ በአንድ ስብሰባ ሊወስኑት የሚችሉት ነገር ነው። የወረዳ ማጣሪያ ውጤትም ከደብተር ቅጠል ወጥቶ ስም፣ ትምህርት ቤት፣ ርቀት፣ ሰዓትና ቀን ተጽፎበት ወደ ዞን ስፖርት መምሪያ ቢላክና ለክለቦች ክፍት ቢሆን፣ መልማዩ ደሴ ተቀምጦ የውጫሌን ልጅ ሰዓት ያነባል። ክለቡ ልጁን ሲወስድ ለትምህርት ቤቱ አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ ከረጢት ኳስ ትቶ ይሂድ። መምህሩ ዝውውር ለመጠየቅ ያዘጋጀውን ማመልከቻ ለአንድ ዓመት ያህል ኪሱ ውስጥ ቢያቆየው፣ የሚቀጥለውን ልጅ የሚያይ ሰው ተገኘ ማለት ነው።